ስለ አሮጌ አውቶሞቢሎች የማስጠንቀቂያ መብራትና የኤሌክትሪክ ብልሽት፤ ካምቢዮ ሳይወርድ አስቀድሞ ሊመረመር ስለሚገባው ነገር

ከለገሐር፣ ከአሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ፊት ተነሥቶ ሽቅብ ወደ አራዳ የሚወጣው ቸርችል ጎዳና በአዲስ አበባ ካሉት መንገዶች ሁሉ ለአውቶሞቢል መፈተኛ የተመቸ ነው። ጎዳናው ከታች ረጋ ብሎ ይጀምርና በብሔራዊ ቴአትርና በፖስታ ቤት በኩል አልፎ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ወደ ጎን ትቶ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ እየከበደ ሄዶ ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ሥር ይደርሳል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቆረቆረች ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በጠረፍ አገር ከሚያወጣው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ስለዚህ በዚህ ዳገት ላይ ካምቢዮው ዝቅተኛውን ማርሽ ይዞ ብዙ ይደክማል፤ ዘይቱም ይሞቃል፤ በሜዳው ተደብቆ የኖረው ሕመም ሁሉ በዳገቱ ይገለጣል።

ከየወረዳው ለመንግሥት ጉዳይ ወይም ለግል ሥራ ወደ ዋና ከተማ የሚመጡ ሹማምንትና ባለንብረቶች፣ አሮጌ አውቶሞቢላቸው በዚህ ዳገት ሲያንገራግርባቸው ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ቃል «ካምቢዮው ሞቷል» የሚል ነው። ቃሉ አስደንጋጭ ነው፤ ምክንያቱም ራሱ ማርሽ የሚለውጠው ካምቢዮ፣ ይኸውም በተለምዶ አውቶማቲክ የሚባለው፣ ከአውቶሞቢል ዕቃ ሁሉ ውስብስብና ውድ ከሆኑት አንዱ ነው። ዳሩ ግን የማስጠንቀቂያ መብራት በራ ማለት ካምቢዮ ሞተ ማለት አይደለም። መብራቱን የሚያበራው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተሩም የሚያውቀው በሽቦ የሚደርሰውን የኤሌክትሪክ ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ሽቦው ቢላላም፣ ባትሪው ቢደክምም፣ ካምቢዮው በውነት ቢሰበርም የሚያበራው መብራት ያው አንዱ ነው። መመርመር ከመፍታት መቅደም ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

እነሆ ለምሳሌ። ገበሬው እርሻውን አለስልሶ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በሚጠብቅበት በሰኔ መባቻ፣ አንድ የወረዳ ሹም ይህንኑ ጉዳይ ለማስፈጸም በአሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ወደ አዲስ አበባ መጡ እንበል። መኪናይቱ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች፣ ኤሌክትሪክ የሚያዝዘው አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት ጧት ጧት ሞተሩ እየጎተተ በግድ ይነሣ ስለ ነበር ሾፌሩ «ባትሪው አርጅቷል» ብሎ አዲስ ባትሪ አስገዝቷል፤ ነገር ግን አዲሱም ባትሪ ከገባ በኋላ መጎተቱ አልቀረም። ከከተማ እንደ ገቡም የመንገዱን ጭቃ ለማስለቀቅ መኪናይቱ ከላቫጆ ገብታ እስከ ሞተሯ ድረስ በውሃ ግፊት ታጠበች። በማግስቱ ከለገሐር ተነሥተው ቸርችልን ሲወጡ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ በዳሽቦርዱ ላይ «ኦ ዲ ኦፍ» የሚል ጽሕፈት ያለበት መብራት ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። መኪናይቱም ቆማ ስትነሣ እንደ ታመመ በቅሎ ከበደች፤ ነዳጁ ቢረገጥ ሞተሩ ያጓራል እንጂ ጉልበት አይሰጥም።

«ጋሼ፣ ካምቢዮው ሄዷል፤ ጋራዥ እንግባ» አለ ሾፌሩ።

የገቡበትም ጋራዥ መብራቱን ብቻ አይቶ፣ የካምቢዮውን ዘይት እንኳ ሳይመለከት፣ ካምቢዮው ወርዶ እንዲፈታ ወሰነ። ሥራው ከሳምንት በላይ እንደሚፈጅ፣ ዋጋውም ከተፈታ በኋላ እንደሚታወቅ ተነገራቸው። ሹሙ ወረቀቱን ተቀብለው ብዕራቸውን አወጡ። ዘር የሚጠብቀው ገበሬ ግን የካምቢዮን መፈታት አይጠብቅም፤ ዝናብም ቀጠሮ አያከብርም።

ደግነቱ ከመፈረማቸው በፊት ዕድሜያቸውን በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የፈጁ አንድ ሽማግሌ ተጠሩ። ሽማግሌውም መሣሪያ ከማንሣታቸው በፊት ሾፌሩን ጠየቁት። «ልጄ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ነው የሚለው ወይስ እንደ በራ ይቀራል?» ብልጭ ድርግም እንደሚል ነገራቸው። «ጧት ሲነሣስ?» «አዲስ ባትሪ ነው፤ ግን ይጎትታል።» «መቼ ታጠበ?» «ትናንት።» ወደ ሹሙም ዘወር ብለው «እንግዲያስ እርስዎ ለካምቢዮው ገና አይዘኑ፤ አስቀድመን ማሳውን እንየው» አሉ።

የሽማግሌው ሦስት ጥያቄዎች ያለ ምክንያት የተጠየቁ አይደሉም፤ እያንዳንዱም ባለመኪና ሊያውቃቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ መብራቱ ጠባይ ነው። በብዙዎቹ አሮጌ ቶዮታዎች የማርሹ ዘንግ ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። እርሷ ስትነካ ከፍተኛው ማርሽ፣ ማለት ኦቨርድራይቭ የሚባለው፣ ይዘጋል፤ «ኦ ዲ ኦፍ» የሚለውም መብራት ሳይርገበገብ ይበራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ቁልፏን መልሶ በመንካት ይጠፋል። በረጅም ዳገትና ቁልቁለት ሆን ተብሎ ይደረጋል እንጂ የሚያስፈራ ነገር የለበትም፤ ሆኖም የሾፌሩ ጉልበት ወይም የተሳፋሪው ቦርሳ ቁልፏን ነክቶባት ብቻ ጋራዥ የገባ መኪና ጥቂት አይደለም። መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ኮምፒውተሩ በካምቢዮው የኤሌክትሪክ መሥመር ላይ ያልወደደውን ነገር አግኝቶ በማኅደሩ ጽፎታል ማለት ነው። በሌሎች ፋብሪካ ሥራዎች ደግሞ ምልክቱ ሌላ ነው፤ በአሮጌ ሆንዳ «ዲ» የሚለው ፊደል፣ በአሮጌ ማዝዳ «ሆልድ» የሚለው ቃል፣ በሱባሩ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት መብራት ይርገበገባል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ስለ ጧቱ አነሣሥ የተጠየቀው፣ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ባትሪው አዲስ ሆኖ ሞተሪኖው ከጎተተ ኤሌክትሪኩ በመንገድ እየባከነ ነው። ይህም እንዲገባ ማሳ የተባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ከአዎንታዊው ራስ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ ወደ አሉታዊው ራስ መመለስ አለበት፤ የአውቶሞቢል ሠሪዎችም ለመመለሻው በየዕቃው ሽቦ በመዘርጋት ፈንታ የመኪናውን ብረት ራሱን መንገድ አድርገውታል። ይህን የመመለሻ መንገድ የእኛ አገር መካኒኮች በኢጣሊያንኛ ስሙ ማሳ ይሉታል። ሞተሩና ካምቢዮው ግን የተቀመጡት በጎማ ትራስ ላይ ነው፤ ጎማም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከሞተሩና ከካምቢዮው ወደ ሻንሲውና ወደ ባትሪው የሚሄድ ወፍራም ሽቦ በቡሎን ታስሯል። ይህ ቡሎን በዝገት፣ በጭቃና በባትሪ አሲድ ሲበላ መኪናው ወዲያው አይቆምም፤ እያነከሰ ይኖራል። ጧት ይጎትታል፤ ማታ መብራቱ ይደበዝዛል፤ የፊቱ መብራትና የራዲያተሩ ማራገቢያ አንድ ጊዜ ሲሠሩ የዳሽቦርዱ መርፌዎች ያለ ቦታቸው ይንቀጠቀጣሉ።

ይህም ከካምቢዮው መብራት ጋር የሚገናኘው እንዲህ ነው። በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ውስጥ ማርሹን የሚለውጡት ሶሌኖይድ የተባሉ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ትናንሽ የዘይት በሮች ናቸው። ኮምፒውተሩ በአንድ ሽቦ ኤሌክትሪክ ይልክላቸዋል፤ ኤሌክትሪኩም የሚመለሰው በካምቢዮው በራሱ ብረት በኩል ነው። ማሳው ከላላ ኮምፒውተሩ «የሶሌኖይዱ መሥመር ተበጥሷል» ብሎ ይፈርዳል፤ መብራቱን ያርገበግባል፤ ጉዳት እንዳይደርስም ሶሌኖይዶቹን ይዘጋቸዋል። ያን ጊዜ ካምቢዮው በአንድ ከፍ ያለ ማርሽ ላይ ተወስኖ ይቀራል። በሜዳ ላይ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ ቸርችልን በከፍተኛ ማርሽ ተነሥቶ መውጣት ግን ጤፍ የተጫነ አህያን በገደል እንደ መንዳት ነው። ኮምፒውተሩ ካምቢዮውን ለማዳን ያደረገውን ሾፌሩ የካምቢዮ ሞት መስሎት የሚደነግጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

ሽማግሌው ቴስተራቸውን አውጥተው አስቀድሞ ባትሪውን ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ በሚገባ የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ደግሞ ዲናሞው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ሊያደርስ ይገባል። ከዚህ በጣም ካነሰ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ደክሟል፤ ወደ 15 አልፎ ከወጣ ደግሞ ባትሪውንና ኮምፒውተሩን የሚጎዳ ነው። የኮሮላዋ ባትሪም ዲናሞም ደኅና ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ከባትሪው አሉታዊ ራስ፣ ሁለተኛውን ከካምቢዮው ብረት ላይ አሳርፈው ሾፌሩን «አስነሣ» አሉት። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ በዚህ መካከል የሚታየው ከግማሽ ቮልት ሊበልጥ አይገባም፤ ቴስተሩ ግን 1.8 አሳየ። ቡሎኑ ሲፈታ ከሥሩ አረንጓዴ ዝገት ወጣ። በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ተፈግፍጎ ታጠበ፤ ደረቀ፤ ጠብቆ ታሰረ። እንደገና ሲለካ 0.2 ሆነ፤ ሞተሩም ሳይጎትት ባንድ ጊዜ ተነሣ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ገና የኮምፒውተሩ ጽሕፈት አልተነበበም ነበር። በእንዲህ ያሉት አሮጌ ቶዮታዎች ከኮፈኑ ሥር «ዲያግኖሲስ» የሚል ክዳን ያለው ትንሽ ሳጥን ይገኛል። በክዳኑ ውስጥ የቀዳዳዎቹ ስም ተጽፏል፤ ከእነርሱም «ቲ ኢ 1» እና «ኢ 1» የሚባሉት በአጭር ሽቦ ተገናኝተው ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩም ሳይነሣ፣ ያው «ኦ ዲ ኦፍ» የሚለው መብራት በመርገብገብ ቍጥር ይናገራል። ሳያቋርጥ እኩል እኩል ቢርገበገብ በማኅደሩ የተጻፈ ነገር የለም ማለት ነው። ስድስት ጊዜ በርቶ ጥቂት ዐርፎ ሁለት ጊዜ ቢበራ 62 ነው፤ ይኸውም የአንደኛው ሶሌኖይድ መሥመር ማለት ነው። 63 የሁለተኛው ሶሌኖይድ፣ 64 የመቈለፊያው ሶሌኖይድ፣ 42 እና 61 ፍጥነት የሚለኩት ሴንሰሮች መሥመር ናቸው። ሌሎቹን ቀዳዳዎች በስሕተት ማገናኘት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥለው ስለሚችል ስሙን አንብቦ ያላረጋገጠ ሰው እጁን ይሰብስብ።

የኮሮላዋ መብራት 62 እና 63ን አከታትሎ ተናገረ። ሁለት ሶሌኖይዶች በአንድ ቀን አብረው መሞታቸው የማይመስል ነገር ነው፤ ሁለቱም የሚጋሩት የመመለሻ መንገድ መታመሙ ግን የሚመስል ነው። ቍጥሩ የሚናገረው የትኛው መሥመር እንደ ታመመ እንጂ የትኛው ዕቃ ይለወጥ የሚለውን አይደለም። በዚህ ነገር ብዙ መካኒኮች ይሳሳታሉ፤ ቍጥሩን እንዳነበቡ ሶሌኖይድ ይገዛሉ። ከመግዛት በፊት የሶሌኖይዱን መሰኪያ ነቅሎ በቴስተር መለካት ዋጋ አያስከፍልም፤ በዚህ ዓይነት ካምቢዮ ደኅና የማርሽ ሶሌኖይድ ከ11 እስከ 15 ኦም ያህል ያሳያል።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ መታጠብ ነበር። ውሃ በግፊት ከሞተሩ ሲረጭ የሽቦ መሰኪያዎችን ላስቲክ አልፎ ይገባል፤ አሮጌው ላስቲክ ደግሞ ከሙቀት ብዛት ደርቆ ተሰንጥቋል። ስለዚህ መብራቱ ከላቫጆ በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ከበራ የካምቢዮውን መሰኪያዎች ነቅሎ በነፋስ ማድረቅና ነሐሱ አረንጓዴ መሆን አለመሆኑን መመልከት ይቀድማል። በክረምት ወራት ወንዝ ተሻግሮ የመጣ መኪናም እንደዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ጥበብ ለኢትዮጵያ አዲስ ነው ለማለት አይቻልም። ወደ አዲስ አበባ የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ቤዴ ቤንትሊ ከጅቡቲ ተነሥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ሲያመጣው ነው፤ ያን ጊዜ የማስጠንቀቂያ መብራት አልነበረም፤ የሾፌሩ ጆሮ ነበር መብራቱ። አውቶማቲክ ካምቢዮ በብዛት የተሸጠው ከዚያ በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ለ1940 በተሠሩት የአሜሪካ ኦልድስሞቢሎች ነው። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብዙ ዘመን የኖረው ቮልስ ደግሞ በቀይዋ የዲናሞ መብራት ብዙ ሾፌር አስተምሯል፤ ዲናሞውንና የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው ያው አንዱ ቺንጋ ነበርና፣ ቀይዋ መብራት እየበራች የነዳ ሰው ሞተሩን ያቃጥል ነበር።

በፈረንጅ ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ፣ ከ2001 ወዲህም በአውሮፓ ለተሸጡ የቤንዚን መኪናዎች አንድ ዓይነት የምርመራ መሰኪያ በሕግ ታዝዟል። መሰኪያው ዐሥራ ስድስት ቀዳዳ ያለው ሲሆን ከመሪው ሥር ይገኛል። እዚያ የሚሰካው ስካነር በዛሬ ጊዜ በእጅ ስልክ ጭምር የሚነበብ ሆኗል። የካምቢዮ ቍጥሮች አብዛኛዎቹ በ«ፒ 07» ይጀምራሉ። «ፒ 0700» የሚለው ቍጥር ብቻውን ምንም አያስረዳም፤ የካምቢዮው ኮምፒውተር «የምነግራችሁ አለኝ» ማለቱ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ቍጥር መፈለግ ያሻል። «ፒ 0705» የማርሹን ዘንግ ቦታ የሚያሳውቀው ስዊች መሥመር ነው፤ «ፒ 0720» የመውጫው ፍጥነት ሴንሰር ነው፤ «ፒ 0750» የመጀመሪያው ሶሌኖይድ ነው። ከእነዚህ ጋር «ፒ 0562»፣ ማለት የቮልት ማነስ፣ አብሮ ቢገኝ ባትሪው፣ ዲናሞውና ማሳው ሳይመረመሩ ካምቢዮውን መንካት አይገባም። ብልሽቶቹ ከተነበቡ በኋላ በወረቀት ይጻፉ፤ ሾፌሩ ባትሪውን ነቅሎ መብራቱን ካጠፋ በኋላ የሚመጣ መካኒክ የሚያነበው ነገር አያገኝም።

ከዚህም በቀር የካምቢዮ ብልሽት የሚመስሉ፣ ነገር ግን የጥቂት ብር ጉዳይ የሆኑ ነገሮች አሉ። የማርሹ ዘንግ ከ«ፒ» ላይ አልወጣ ቢል ከሁሉ በፊት የሚታየው ከኋላ ያለው የፍሬን መብራት ነው። ፍሬኑ ሲረገጥ መብራቱ ካልበራ የዚያው ፊውዝ ተቃጥሏል ወይም የፍሬኑ ስዊች ተበላሽቷል፤ ዘንጉን የሚፈታው ምልክት የሚመጣው ከዚያ ነውና። በብዙ መኪናዎች ከዘንጉ ጎን በምትገኝ ትንሽ ክዳን ሥር መክፈቻ ስላለ ለጊዜው በዚያ ማውጣት ይቻላል። እንደዚሁም መኪናው በ«ፒ» አልነሣ ብሎ በ«ኤን» ቢነሣ የታመመው ሞተሪኖው ሳይሆን የዘንጉን ቦታ የሚያውቀው ስዊች ነው።

ስለ ፊውዝ ደግሞ አንድ ክፉ ልማድ አለ። የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ብራና ጠቅልሎ መመለስ ወይም በሚበልጥ መተካት በየአገሩ ይታያል። ፊውዙ የተሠራው ሽቦው እንዳይቃጠል እርሱ አስቀድሞ እንዲሞት ነው። ቀዩ 10 አምፔር፣ ሰማያዊው 15፣ ቢጫው 20፣ አረንጓዴው 30 ነው፤ በቀዩ ቦታ አረንጓዴ የገባበት መኪና አንድ ቀን በመንገድ ላይ ሲቃጠል ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም።

ለባለ እርሻዎች በተለይ የሚነገር አለ። አውቶሞቢልን ከጎተራ ወይም ከጭድ ክምር አጠገብ ማሳደር አይጦችን ወደ ሞተሩ መጋበዝ ነው። አይጥ ሙቀት ፈልጋ ትገባለች፤ ገብታም የሽቦውን ልባስ ትበላለች። ከኮፈኑ ሥር የጭድ ቍርጥራጭ ወይም የእህል ልጣጭ የተገኘበት መኪና መብራት ሲያበራ የተበላ ሽቦ መፈለግ ይቀድማል፤ ብዙ ቀን የተፈለገው ብልሽት ከአንድ የተቀረደደ ሽቦ ላይ ሊገኝ ይችላል። ሁለተኛም ፖርቶ መጋላ ወይም መከላከያ ለማስበየድ ሲታሰብ አስቀድሞ የባትሪው አሉታዊ ራስ ይነቀል፤ የመበየጃው ኤሌክትሪክ በመኪናው ብረት ሲያልፍ ኮምፒውተሩን ሊገድለው ይችላልና።

እንግዲህ ካምቢዮው በውነት የታመመ እንደ ሆነ በምን ይታወቃል ቢባል፣ ከመብራቱ ይልቅ ዘይቱ ይናገራል። መለኪያ ዘንግ ያለው ካምቢዮ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ጥቂት መንገድ ተሄዶበት ከሞቀ በኋላ፣ በደልዳላ ቦታ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ የማርሹ ዘንግ በየቦታው ሁሉ አልፎ ወደ «ፒ» ከተመለሰ በኋላ ነው። ቀይና ጥርት ያለ ዘይት ጤና ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ በውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሰሌዳዎች ተቃጥለዋል። እንደ ወተት የነጣ ሮዝ መልክ ካለው ከራዲያተሩ ውሃ ገብቶበታል፤ ይህ ከሆነ መኪናውን አንድ ምዕራፍ እንኳ መንዳት አይገባም። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይከተል ከሆነ፣ ማርሽ ሲገባ የሚመታ ከሆነ፣ በሥሩም የብረት ቅርፊት ከተገኘ ያን ጊዜ ይውረድ ቢባል ተገቢ ነው። በፕራዶና በላንድ ክሩዘር «ኤ ቲ ኦይል ቴምፕ» የሚለው መብራት ቢበራ ዘይቱ ከመጠን በላይ ሞቋል፤ መኪናውን በ«ፒ» አቁሞ ሞተሩን ሳያጠፉ መብራቱ እስኪጠፋ መጠበቅ ነው።

ባትሪው ያለቀበትን አውቶማቲክ መኪና በሰው ኀይል ገፍቶ ማስነሣት እንደማይቻልም ይታወቅ። የካምቢዮውን ዘይት የሚገፋው ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ካልተነሣ ጎማው ከሞተሩ ጋር አይያያዝም፤ የመንደሩ ጎልማሳ ሁሉ ተሰብስቦ ቢገፋ ከድካም በቀር ትርፍ የለውም። በገመድ እየጎተቱ ረጅም መንገድ መውሰድም ያለ ዘይት የሚዞረውን ካምቢዮ ይፈጀዋል።

ይህን ሁሉ ማወቅ ቀድሞ ከነበረው ይልቅ አሁን የበለጠ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው ባለ ቤንዚን መኪና እየተጠገነ ይኖራል፤ ከእጅ ወደ እጅም ይሸጣል። በሚሸጥበት ጊዜ የሚደረግ አንድ ተንኰል አለ፤ ይኸውም የማስጠንቀቂያውን አምፖል ነቅሎ ብልሽቱን መደበቅ ነው። ገዢው ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ከፍቶ ዳሽቦርዱን ይመልከት፤ ጤነኛ መኪና የሞተሩን፣ የባትሪውንና የዘይቱን መብራት አብርቶ ያሳያል። ሁሉም በርተው አንዱ ብቻ ጨለማ ሆኖ ከቀረ፣ የተነቀለው አምፖል ምን እንዳይናገር እንደ ተነቀለ ሻጩ ይጠየቅ።

ወደ ኮሮላዋ ስንመለስ፣ ሽማግሌው «ኢ ኤፍ አይ» የሚለውን ፊውዝ ነቅለው ጥቂት ቈይተው መለሱት፤ በማኅደሩ የተጻፈው ቍጥርም ተፋቀ። ከዚያ ሾፌሩ፣ ሹሙና ሽማግሌው አብረው ወደ ለገሐር ወርደው ቸርችልን እንደገና ወጡት። በፖስታ ቤት አጠገብ ካምቢዮው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛም ወደ ሦስተኛ ማርሽ ያለ መንገጫገጭ አለፈ፤ ከቴዎድሮስ አደባባይ በላይ ነዳጁ ሲረገጥ ወዲያው ወደ ሁለተኛ ወርዶ ጉልበት ሰጠ። ከማዘጋጃ ቤቱ በታች ቆመው መብራቱን ተመለከቱ፤ አልበራም። ሽማግሌው ግን አላመኑም፤ «ሳይሞቅ አይታመንም» ብለው ሁለተኛ ጊዜ አስወጡት። በዚህም ጊዜ ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ አውጥተው በነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጠቡት፤ ቀይ ነበር፤ አልሸተተም።

የሽማግሌው የድካም ዋጋ፣ አንድ ቡሎንና አንድ ቅጠል የብርጭቆ ወረቀት ተከፈለ። ያልተፈረመው የጋራዥ ወረቀት በሹሙ ቦርሳ ውስጥ ከማዳበሪያው ማዘዣ ጋር ሳለ፣ መኪናይቱ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ወደ ወረዳው ጉዞ ጀመረች።